ከለገሀር እስከ ፑሳን

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ካርታ ዘርግተን የቃኘው ሻለቃን መንገድ በክር ስንለካ አንድ ጥያቄ ገጠመን። በ1943 ዓ.ም. የራሷ ወደብ ያልነበራት ኢትዮጵያ ይህን ሁሉ ሠራዊት ኮርያ እንዴት አደረሰች?

መልሱ ለካ የሚጀምረው ከለገሀር ነው። ሻለቃው በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ሚያዝያ 8 ቀን ጄኔራል ማክሬ በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ገባ። ሃያ ቀን መሆኑ ነው! መርከቧ የቱን ያህል ብትፈጥን ባቡሩ ከዘገየ ወደብ ላይ ቆማ መጠበቋ አይቀርም።

የጓዙ ነገር ደግሞ ይብሳል። መርከብ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ዕቃ መጨረሻ ነው የሚወጣው። ድንኳኑ ከታች ተጭኖ ሲወርዱ ዝናብ ቢመጣ ወታደሩ በሰበሰ ማለት ነው እኮ!

ቃኘው ፑሳን ላይ የአሜሪካ መሣሪያ ተረክቦ እንደገና ሠለጠነ። ከመካከላችን ይህን የጊዜ ብክነት ያሉ ነበሩ። አብዛኞቻችን ግን አልተስማማንም፤ ጥይቱም መለዋወጫውም አብሮት ከተሰለፈው 7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር መጋዘን ይመጣለታልና። ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል ያው ባቡር፣ ያው ሃያ ቀን ነው። ጥይት ያለቀበት ወታደር ደግሞ ሃያ ቀን አይጠብቅም።

አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ እዚሁ ሰፈራችን ለቡ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክሩን ከዚያ እንጀምራለን።