ከችሎት በፊት የሚፈርደው ጣታችን



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ አንድ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ፎቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይህን አውሬ ሳይሰቅሉት ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ። «ክሱ ተሰምቷል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምን መሰማት ያስፈልገዋል? ሕዝቡ እኮ ፈርዶበታል!» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ችሎት ሳይፈርድ «ሕዝብ ፈርዶበታል» መባል ምን እንደሚመስል እኛ ቀምሰነዋልና።

ጥር 2005ን እናስታውስ። የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ተከሰው ጉዳያቸው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነበር። ፍርድ ቤት ያገደው ሆኖ ሳለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ቅጣቱ የተወሰነው ሐምሌ 2007 ሲሆን ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ 22 ዓመት ተፈርዶባቸው በኋላ ተፈቱ። ፍርዱን ያመጣው ፊልሙ ነው አልልም። ግን መከላከያቸው ሳይሰማ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ እንዲያይ አድርጓል። ያኔ «ፍርድ ለፍርድ ቤት!» ብለን ጮኸን፤ ልክም ነበርን።

ታዲያ ዛሬ በፌስቡክና በቲክቶክ የምንፈርደው እኛ ማን ሆነን ነው? ያኔ ቴሌቪዥኑ አንድ ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዳችን ቴሌቪዥን ነን።

«በሀገራችን የሚፈርደው ዳኛ እንጂ እንደ አሜሪካ ከሕዝብ የተመረጠ ጁሪ አይደለም፤ ወሬያችን ምን ያመጣል?» የሚሉ አሉ። የተጠርጣሪውን ፎቶ ስናሰራጭ ግን ምስክሩም ያየዋል። ነገ በፖሊስ ፊት «እርሱ ነው» ሲል በወንጀሉ ቦታ ያየውን ነው የሚለየው ወይስ በስልኩ ያየውን? ጥሩ ጠበቃ ይህን ይዞ ይከራከራል፤ ወንጀለኛውም ሊያመልጥ ይችላል። ጩኸታችን ተበዳዩን ይጎዳል ማለት ነው።

የሰው ሀገር ምሳሌ ልጨምር። አድናን ሰዒድ የተባለ ሙስሊም ወጣት በአሜሪካ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1999 የቀድሞ የፍቅር ጓደኛውን ገድሏል ተብሎ በ2000 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2014 «ሲሪያል» የተባለ በኢንተርኔት የሚደመጥ ተከታታይ ዝግጅት ጉዳዩን አነሳው፤ ሚሊዮኖች «ንጹሕ ነው»፣ «ገዳይ ነው» እያሉ ተከራከሩ። በ2022 ፍርዱ ተሰርዞ ሲወጣ ደጋፊዎቹ በደስታ ጮኹ። የሟቿ ወንድም ግን ጉዳዩ ለእርሱ የሚደመጥ ዝግጅት ሳይሆን የእውነት ሕይወት መሆኑን ለችሎቱ ተናግሮ ነበር። በአካል ለመገኘት በቂ ጊዜ አልተሰጠውም ተብሎም በ2023 የጥፋተኝነት ውሳኔው ተመለሰ፤ የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 አጸናው። በ2025 ዳኛ «የታሰረው ይበቃዋል» በማለት ወደ እስር አልመለሰችውም፤ ጥፋተኛ መባሉ ግን አልተነሳም። የሕዝብ ድምፅ የተዘጋ መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል፤ ማስረጃ መመዘን ግን አይችልም። ጩኸቱ መሐል የሚረሳውም ተከታይ የሌለው ሐዘንተኛ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዳኛ በቁጣ ላይ ሳለ እንዳይፈርድ ከልክለዋል። ዐሊይንም (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኳቸው የሁለተኛውን ባለጉዳይ ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል። ለዳኛው ይህ ከተባለ፣ መዝገቡን ላላየነው ለእኛ እንዴት ይሆን?

ዝም እንበል ማለቴ አይደለም። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ቀጠሮ እንዳይንዛዛ፣ ታሳሪ እንዳይንገላታ፣ የተበዳይ ቤተሰብ እንዳይረሳ እንጩህ። «ገዳይ»፣ «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ግን መዝገቡን ለሚያገላብጠው ዳኛ እንተውለት። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ስለ ንብረት ነው፤ የሰው ስምማ ከበቅሎም ይበልጣል።

ያን ወጣት በሚቀጥለው ጁሙዓ ካገኘሁት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በ2005 በዚያ ፊልም ላይ የታየው ወንድምህ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ምን እንዲያደርግ ትፈልግ ነበር? ዛሬ ለማታውቀው ሰው ያንኑ አድርግ።

አላህ ለምንወደውም ለምንጠላውም ፍትሐዊ ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።