ልጅዎን ወደ አብነት ትምህርት ቤት ከመሸኘትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ልጅን አብነት ማስገባት ብርቅ አይደለም። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ የተክሌን አቋቋም የፈለገ ደብረ ታቦርን ይጠይቃል። (ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ትልቁ ሥራቸው ይኸው አቋቋም ነው፤ ስሙም የልጃቸው የተክሌ ነው።) ዛሬ ግን ያው ልጅ ዩኒቨርሲቲም መግባት ይፈልጋል። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

የትኛው ጉባኤ ቤት? መጀመሪያ ይህን ይለዩ። ንባብ ቤት ፊደልና ዳዊት ነው፤ ቅዳሴ ቤት ለዲቁና ያበቃል። ዜማ ቤት ድምፅና የማስታወስ ችሎታ ይጠይቃል፤ ዓመታትም ይበላል። ከንባብ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው 20ና 30 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል።

ዩኒቨርሲቲ ለሚያስብ ልጅ እኔ የምመርጥለት ቅኔ ቤትን ነው። ተማሪው የግእዝን ግስና አገባብ ካጠና በኋላ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን የኔታ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ሲሳሳት በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም የለም፤ የሌላውን ሰርቆ ማቅረብም ያስነውራል። አንዱን ቃል በሁለት መንገድ መፍታት የለመደ ልጅ ኋላ ሕግ ቢያጠና፣ ታሪክ ቢያጠና፣ ጽሑፍ አያስፈራውም። በአገራችን ተማሪውን በየቀኑ ከራሱ አእምሮ የወጣ ነገር አምጣ የሚል ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም። ድጓ ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜውን በማኅሌት ለሚያሳልፍ ሰው ጥሪ ነውና ዩኒቨርሲቲ እስኪደርስ ማቆያ አያድርጉት።

ፈተናውስ? የቤተልሔም ምስክርነት በቤተ ክርስቲያን ያስከብራል፤ የ12ኛ ክፍልን ውጤት ግን አይተካም። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከ2014፣ ከ2015 እና ከ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች ያን ያገኙት 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶው ብቻ ናቸው። ግእዝ ከፈተናው ትምህርቶች ውስጥ የለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የማገናዘብ ችሎታ የሚለካበት ፈተና እንኳ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። መወድስ የሚሞላ ልጅ በሒሳብና በእንግሊዝኛ የሚወድቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱን ትምህርቶች ለዓመታት ስላልነካቸው ነው።

ስለዚህ ቢያንስ የ8ኛ ክፍልን ፈተና ወስዶ ይሂድ። ከዚያም የቀን ወይም የማታ ትምህርት ያለበት ከተማ አጠገብ የሚገኝ ቅኔ ቤት ይፈልጉለት። በዓመቱ አጋማሽ አቋርጦ መሄድ ከሁሉ የከፋ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የቀበሌዎ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ልጁ ሥራ ፈቶ ከሚውል የኔታ ዘንድ ቢውል እመርጣለሁ። ግን ከአኩፋዳው ጋር የሒሳብና የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ይያዝ።

ኑሮውን አይተውታል? የቆሎ ተማሪነትን በናፍቆት የሚያወሩልን አልፎላቸው ሊቅ የሆኑት ናቸው፤ ታመው የቀሩት አይጽፉም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ በደበሎ ብቻ አይመለስም። ቁራሽ ሲለምን የሚያባርረው ውሻ አለ፣ እከኩ አለ፣ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ አለ። ክረምት ላይ የገበሬው ጎተራ ሲጎድል የተማሪውም ቁራሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ሄደው ጎጆውን ይዩ። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ የታመመ ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ማን እንደሚወስደው የኔታን በአክብሮት ይጠይቁ። የ8 ዓመት ልጅ ለልመና መላክን አልደግፍም፤ 14 ዓመት ይሙላው፤ ስንቁንም በየወሩ ይላኩለት።

ሴት ልጅስ? ቦታው ጠባብ ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ያስተማሩ የኔታ ነበሩ።

ካቶሊክ ከሆኑ። የኢትዮጵያ ካቶሊካውያንም በግእዝ ሥርዓት ይቀድሳሉና ይህ ትምህርት ለእናንተም ባዳ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም መርጡለ ማርያም የተማሩ የቅኔ ሰው ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ከላኩት የመልእክተኞች ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1841 ግብፅና ሮም ደረሱ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1855 በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ ሮም በ1926 ብፁዕ አለቻቸው። ይሁንና ጉባኤ ቤቱ ከግእዙ ጋር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን እምነትም ያስተምራል። ማንነትን ደብቆ መግባት ለልጁም ለየኔታም ደግ አይደለም፤ አስቀድመው በግልጽ ይነጋገሩ። የቁምስናዎን ቄስም ያማክሩ፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። ክህነት ለሚያስብ ልጅ በቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ካህናትን ሲያስተምር ኖሯል።

መጨረሻው ምን ያስገኛል? ከደብርና ከማኅሌት ውጭ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት አለው፤ ጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ያስተምራል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአብነት ጀምረው፣ በቅድስት ሥላሴና በካይሮ አልፈው፣ በጀርመን ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል። የብራና መጻሕፍታችንን ፊልም ለዓመታት የመረመሩት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የካቶሊክ ቤኔዲክታውያን ባቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ጥቂት መሆኑን ግን ለልጁ አይደብቁት።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ጉባኤ ቤት ልጁ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ የክፍል ካርዱ፣ የልደት ማስረጃውና እሱ የሚጠራበት ስም ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ ምዝገባም ይስተጓጎላል። ከመሸኘትዎ በፊት የ8ኛ ክፍል ካርዱንና መሸኛውን ከትምህርት ቤቱ ያውጡ፤ የአባትና የአያት ስም በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ያረጋግጡ፤ ዋናውን እቤት አስቀምጠው ለልጁ ቅጂውን ይስጡት።