ቴሌግራሙ ለወሬ፣ ሠንጠረዡ ለሥራ

ቢሮው ጎንደር፣ ሥራው ግን ዳባት፣ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ የሆነ ድርጅት ሁሉ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አያጣም። ኃላፊው፣ ሳይት መሐንዲሱ፣ የግዥ ባለሙያው፣ ሾፌሩ፣ የመጋዘን ሠራተኛዋ፣ አንዳንዴም ከባሕር ዳር የሚከታተለው ሰው እዚያው ናቸው። ጠዋት ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ የ12 ፌሮ አልቋል፤ ነገ ካልገባ ፌራዮዎቹ ይበተናሉ» ብሎ ይጽፋል። መሐንዲሱ «እሺ» ይላል። ግዥው አውራ ጣት ይልካል። ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ የሰሞኑን ፎቶ አይቶ «በርቱ!» ይላል። እስከ ማታ የስብሰባ ጥሪው፣ ስካን የተደረገው ደብዳቤ፣ የበዓል መልካም ምኞቱ ተደራርቦ የፎርማኑን መልእክት ከዓይን ያርቀዋል። በማግስቱ ፌሮው አይመጣም። የለገመ የለም፤ ሁሉም አይቷል፣ ሥራው ግን ለማንም አልተሰጠም።

ቴሌግራምን ተዉት ማለቴ አይደለም። ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፣ ፎቶ ያደርሳል፣ ሾፌሩም ጥበቃውም ያውቁታል። ችግሩ ወሬ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሥራ ልናስቀምጥ መሞከራችን ነው። ለሥራው ሌላ ቦታ ይኑረው። ትሬሎ ወይም አሳና ያለው ይጠቀምባቸው፤ ነጻ ስሪት አላቸው፣ የሚከፈልበት ግን በዶላር ነውና ብዙ ቢሮ በራፉ ላይ ይቀራል። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ሁሉም የሚያየው አንድ የጉግል ሺት ሠንጠረዥ ነው። ኤክሴል የነካ ሰው አዲስ ነገር አይሆንበትም።

አምዶቹ አይብዙ። ሥራው፣ ባለቤቱ፣ ቀኑ፣ አሁን ያለበት ሁኔታና ማስረጃው ይበቃሉ። የዘገየው ረድፍ ቀይ፣ በጊዜው ያለው አረንጓዴ ይሁን። የፎርማኑ ጥያቄ እዚያ ሲገባ እንዲህ ይሆናል፤ «የ12 ፌሮ ደባርቅ ሳይት ማድረስ»፣ ቀጥሎ የአንድ ሰው ስም፣ ቀን፣ «ፕሮፎርማ ተሰብስቧል»፣ ማስረጃው ላይ ደግሞ ዕቃው ሲደርስ የሚነሳው የሞዴል 19 ፎቶ። ባለቤት በሚለው ቦታ «ግዥ ክፍል» ተብሎ ከተጻፈ ባለቤት የለውም ማለት ነው። ሁለት ስምም አይጻፍ፤ ሁለቱ ሲተያዩ ቀኑ ያልፋል።

ማስረጃ የሚለውን አምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ አየዋለሁ። «ተጠናቋል» የሚለው ቃል ካልተመዘነ ማንም ሊጽፈው ይችላል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ታሪክ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ያስወጣው «ጥሩ እየሠራን ነው» የሚል ሪፖርት አልነበረም፤ የዋልያና የጭላዳ ቁጥር ምን ላይ ደረሰ፣ ግጦሹ ስንት ቀነሰ፣ ፓርኩን አቋርጦ ለሚያልፈው መንገድ አማራጭ ተሠራ ወይ፣ ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ጉዳይ የት ደረሰ የሚሉ ሄደው የሚያዩአቸው ነገሮች ነበሩ። ለአንድ ጤና ጣቢያ ማስፋፊያም እንዲሁ ነው፤ «ጣሪያ ተጠናቋል» ከማለት «ቆርቆሮ ተመትቶ፣ አሸንዳ ገብቶ፣ ውኃ ተደፍቶ ተፈትሿል» ተብሎ አስቀድሞ ይጻፍ።

አሁን ወደ ቀኑ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለኛ ዘመን አቆጣጠር አይደለም፤ ሲበላሽም በዝምታ ነው። አንዱ ባለሙያ ሰኔ 9 ቀን 2018ን አስቦ በቁጥር 9/10/2018 ብሎ ያስገባል እንበል። ሠንጠረዡ እንደ አገር ቅንብሩ ወይ ሴፕቴምበር 10 ወይ ኦክቶበር 9 አድርጎ ያነበዋል፤ ዓመቱንም የፈረንጅ 2018 ነው ይላል። ወደፊት የሚሠራው ሥራ ዓመታት ያለፈው ተብሎ ቀይ ይሆናል፣ ወይም በቅደም ተከተል ሲደረደር ከሁሉ በላይ ይወጣል። ጳጉሜን 3ን 3/13 ብሎ የጻፈም አሜሪካዊ ቅንብር ላይ ማርች 13 ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለት አምድ አድርጉ፤ አንዱ ሰው የሚያነበው «ሰኔ 9» በፊደል፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚያሰላበት ጁን 16፣ 2026። መለወጡን ለአንድ ሰው ስጡ እንጂ ሁሉም አይነካካው። በጀት የሚዘጋበት ሰኔ 30 ጁላይ 7 ላይ እንደሚውል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይከፋም። ሰዓቱም ያው ነው፤ ለጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ስልኩ ላይ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል።

የቀን ነገር ከተነሳ ፕሮግራሙ የማያውቃቸው ቀኖችም አሉ። ቅዳሜና እሑድን ብቻ ከሥራ አውጥቶ የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ ሶፍትዌር በደጋው አይሠራም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ቁፋሮ የማይወጣ አካባቢ ብዙ ነው፤ በመኸር ደግሞ የቀን ሠራተኛው ወደ አዝመራው ይሄዳል። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 10፣ 11 እና 12፣ ጎንደር ከተማ ላይ ግዥ አፈጽማለሁ የሚል ካለ ገበያውን አያውቀውም፤ ሱቁ ዝግ፣ መኪናው ለእንግዳ የተከራየ፣ አልጋው የተያዘ ነው። ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት ለፎርማኑ ወይም ለቀበሌው ሰው ስልክ ደውሎ «የማይሠራባቸው ቀኖች የትኞቹ ናቸው?» ማለት ሶፍትዌሩን ከመማር ይቀድማል። ክረምቱንም እንዲሁ፤ ከሰኔ መጨረሻ በኋላ መሠረት ቆፍሬ ኮንክሪት እሞላለሁ የሚል መስመር ቀዩን ቀለም ከወዲሁ ይቀባ።

ኔትወርክ ስለሚጠፋስ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ቢሮ ምን እንደሚገጥመው የታየ ነው። የጉግል ሺት መተግበሪያ ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጎ ማስቀመጥ ያስችላል፤ ሳይት ላይ የተጻፈው ኔትወርክ ሲገኝ ራሱ ይገባል። ሁለት ሰው ያንኑ ሳጥን ከሞላው ግን የአንዱ ይጠፋልና፣ እያንዳንዱ የራሱን ረድፍ ብቻ ይንካ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ አንድ ቅጂ ታትሞ ሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ካይዘን ያስለመደን ሰሌዳ እኮ አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ በብዕር ይሞላል፣ ሲመለስ አንድ ሰው ያስገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መጥፎ ዜና ነው። አለቃ ባለበት ግሩፕ «ዘግይቻለሁ» ብሎ የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ መጥፎው በስልክ ይወራል፣ ጥሩው በፎቶ ይለጠፋል። ለዚህ አንድ ደንብ ብቻ አውጡ፤ በስልክ የተስማሙትን የደወለው ሰው በዚያው ቀን ሠንጠረዡ ላይ ያሰፍራል። ኃላፊው ደግሞ ቀይ መስመር ሲያይ መጀመሪያ «ምን ልርዳህ?» ይበል። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ከገሠጸ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ረድፉ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀዋል። ያ አረንጓዴ ዋጋ የለውም።

ሳምንታዊው ስብሰባ ሠንጠረዡን ከፍቶ ይካሄድ እንጂ ሌላ ሪፖርት አይጠየቅ። ባለሙያው አንድን ነገር በቴሌግራም፣ በሠንጠረዥና በደብዳቤ ሦስት ጊዜ እንዲጽፍ ከተገደደ መጀመሪያ የሚተወው ሠንጠረዡን ነው። ማህተም የሚያስፈልገው ቃለ ጉባኤ ካለ ከሠንጠረዡ ይቀዳ።

ፋይሉን ስትከፍቱ በግለሰብ የጂሜይል አድራሻ አትክፈቱት። ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲዛወር የሥራው ታሪክ በእጁ ይቀራል፤ ስልኩን ከቀየረ ደግሞ እሱም ላይከፍተው ይችላል። ለቢሮው አንድ የኢሜይል አድራሻ አውጡ፣ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ታሽጎ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይግባ፣ ማስተካከል የሚችሉት ረድፍ ያላቸው ብቻ ይሁኑ፣ ሌላው እንዲያይ ብቻ ይፈቀድለት።