ልጆች ንባብን እንዲወዱ ምን እናድርግ?



በአገራችን የቀድሞ ልማድ ሕፃን ፊደል ከቈጠረ በኋላ ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሻገር ነበር። ይህ ሥርዓት ዓይንንና አንደበትን በሚገባ ያሠለጥናል። ይሁን እንጂ ማንበብ መቻልና ማንበብን መውደድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለፈተና ብቻ ያነበበ ልጅ ፈተናው ሲያልፍ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ደስ ብሎት ያነበበ ግን የሚያዘው ባይኖርም ይገልጠዋል።

እኔም በዚህ ረገድ ተሳስቻለሁ። በእሑድ ትምህርታችን ያረፈደ ወይም የረበሸ ልጅ ሲኖር ቅጣቱ «ተነሥተህ አንድ ገጽ አንብብ» የሚል ነበር። አንድ እሑድ ለአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የተረት መጽሐፍ ብሰጣት፣ አንገቷን ደፍታ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ንባብን ከቅጣት ጋር ያቈራኘሁት እኔ ራሴ መሆኔን በዚያች ሰዓት ተረዳሁ።

ለልጆች ደስታ ብሎ መጽሐፍ ማቅረብ የሚቻል መሆኑን የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ያሳየናል። እኚህ ሰው በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ ለሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ2003 በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቈይቶም በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆች ወዳሉበት ይሄዱ ጀመር።

እኛም በየቁምስናችን የሚከተሉትን ልናደርግ እንችላለን።

1ኛ/ ጮክ ብለን እናንብብላቸው። ልጅ ብቻውን ሊያነበው የማይችለውን ታሪክ ሲነበብለት ይረዳዋል። ከትምህርቱ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል። ታሪኩን ልብ በሚሰቅልበት ቦታ አቁመን ለሚቀጥለው እሑድ ብናቈየው፣ ልጆቹ ራሳቸው «ጨርሱልን» ይላሉ።

2ኛ/ እንዲመርጡ እንፍቀድላቸው። የወደዱትን መጽሐፍ አምስት ጊዜ ቢደጋግሙት፣ ያልጣማቸውንም በመካከል ቢተዉት አንቈጣ።

3ኛ/ ንባቡን ፈተና አናድርገው። ካነበቡ በኋላ ጥያቄ ከመደርደር ይልቅ እኛን ያስደሰተንን ክፍል እንንገራቸው፤ እነርሱም የየራሳቸውን ይነግሩናል።

4ኛ/ መጽሐፍ ባይኖር ከአያቶች እንዋስ። አያት የተረቱትን ተረት ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ በደብተር ጽፈን እናስነብበው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም «እስቲ አንብብልኝ» ብለው ከልጃቸው አጠገብ ቢቀመጡ፣ ለልጁ ታላቅ ክብር ነው።

ያቺ ተማሪ መጽሐፉን ሳትመልስ ሁለት እሑዶች አለፉ። በሦስተኛው ብጠይቃት «ለታናሽ ወንድሜ እያነበብኩለት ነው፤ ገና አልጠገበም» አለችኝ። እኔም «ይቈይላችሁ» አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን ንባብ ቅጣት መሆኑ ቀርቷል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ) በቤታችን ወይም በክፍላችን ልጆች ንባብን የሚያገናኙት ከደስታ ጋር ነው ወይስ ከፍርሃት ጋር?

ለ) በቁምስናችን ልጆች በነፃነት የሚያነሧቸው መጻሕፍት የት ሊቀመጡ ይችላሉ? ኀላፊነቱንስ ማን ይውሰድ?

ሐ) በሚቀጥለው እሑድ የትኛውን ተረት እናነብላቸዋለን?