ላሊበላ ሲሠራ የሚያሳይ ሥዕል እንዴት ይሣላል?

ዛሬ ስለ ሥዕልና ስለ ሕንፃ ትንሽ ትምህርት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እኔ የተማርኩት ከስህተቴ ነው።

የሥዕል መምህራችን "አንድ ታዋቂ ሕንፃ ሲሠራ የሚያሳይ ሥዕል ሥላችሁ ኑ" አሉን። እኔም ከዞናችን ከሰሜን ወሎ ሳልወጣ ላሊበላን መረጥኩ። ንጉሡን፣ መላእክትን፣ መሰላልና የተደረደረ ድንጋይ ሣልኩ። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ሥዕሉን አየና "ላሊበላ መች በድንጋይ ተገነባ? ተፈለፈለ እንጂ!" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በዛግዌ ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። አሠራሩን በቤተ ጊዮርጊስ እንየው።

1ኛ. በአለቱ ዙሪያ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይቀራል።
2ኛ. ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች በመስቀል ቅርጽ ይጠረባል።
3ኛ. በበሩ ተገብቶ ውስጡ ይፈለፈላል።

ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ እንደገና ይሠራል። እዚህ ግን በስህተት የተቆረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልም!

አባቴ ሌላም ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ሠራተኞቹስ የታሉ? ያን ሁሉ ፍንካች ድንጋይ ማን ተሸክሞ አወጣው?" እኔ ከንጉሡና ከመላእክቱ በቀር ማንንም አልሣልኩም ነበር። በባህላዊ ሥዕሎችም ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው ንጉሡ መሣሪያ ይዞ፣ መላእክት ሲያግዙት ነው። ትውፊቱ ግን "ቀን ሰዎች ይሠራሉ፣ ሌሊት መላእክት ይሠራሉ" ነው የሚለው። ስለዚህ ሰዎቹን ከተውን የታሪኩን ግማሽ ተውን ማለት ነው።

ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ እንደገና ሣልኩ። በግራ ቀን፣ በቀኝ ሌሊት። በቀኑ በኩል በመሮና በመዶሻ የሚጠርቡ፣ ፍንካቹን በቅርጫት የሚያወጡ፣ ውኃ የሚያቀብሉ ሰዎች አሉ። በድሮ የአገራችን ሥዕል ጥሩ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ደግሞ ፊቱ ዞሮ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። እኔም ሠራተኞቹን ሁሉ በሁለት ዓይን ሣልኳቸው። ቅርጫት የተሸከመውን አንዱን አባቴን አስመሰልኩት። አባቴም ዝም ብሎ ብዙ አየውና "እግሩ ላይ ጫማ አድርግለት" አለኝ።

ጓደኞቼ፣ ሕንፃ ሲሠራ ስትሥሉ ሁለት ነገር አትርሱ፦ ሥራው ከየት እንደሚጀምርና ማን እንደሚሸከም።

ጥያቄ፦ ቤተ ጊዮርጊስ ሲፈለፈል ቀድሞ ያለቀው ጣሪያው ነው ወይስ ወለሉ? ለምን? መልሱን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።

ሳምንት ያገናኘን!