ድንኳኑ የማን ነው? ክላውድ ለሚመርጥ ጀማሪ

ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ እንግዳውን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ወንበሩን። 300 ሰው ተጠርቶ ቤት ያለው ወንበር 12 ከሆነ ዕቃ ፍለጋ ይጀመራል። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አከራይ ጋ ይኬዳል፣ እድር ይጠየቃል፣ አቅም ያለው ከራሱ ዕቃ ቤት ያወጣል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከዚህም ከዚያም ያሰባስባል። ስለ ክላውድ ዓይነቶች የሚነገረው ሁሉ ይኸው ነው። በወንበሩ ፋንታ ሰርቨር ብላችሁ አንብቡት።

ቃሉ ደመና ማለት ስለሆነ ጀማሪው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ላይ ምንም የለም። ፎቷችሁን «ክላውድ ላይ» ስታስቀምጡ የሚያርፈው ጄኔሬተር፣ ማቀዝቀዣና ጥበቃ ባለው ሕንፃ (ዳታ ሴንተር) ውስጥ፣ በብረት መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) በአንዱ ነው። ክላውድ የሚያሰኘው ያን ኮምፒውተር በእጃችሁ ሳትነኩት በኔትወርክ መጥራታችሁ፣ ሲያንሳችሁ መጨመራችሁ፣ ስትጨርሱ መልቀቃችሁ፣ የተጠቀማችሁበትም መለካቱ ነው። የአሜሪካ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ፍቺ አራት ዓይነት ለይቷል፤ መለያውም ዕቃው ለማን ክፍት ነው የሚለው ነው።

ደረጃ 1፦ ሻጭ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ዕቃችሁን ቁጠሩ

900 ተማሪ ያለው የግል ትምህርት ቤት እናስብ። ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ በወረቀት ይዘርዝር፦ የተማሪ ውጤት፣ የወር ክፍያ መዝገብ፣ የመምህራን ደመወዝ፣ ወላጅ የሚያየው ድረ ገጽ፣ በቪዲዮ የተቀረጸ ትምህርት። በየአንዳንዱ ትይዩ ሦስት ነገር ይጻፍ። ማን ሊያየው ይገባል? መቼ ይበዛበታል? ቢቋረጥ ስንት ሰዓት እንችለዋለን?

ድረ ገጹን በአዘቦት ቀን ከፍቶ የሚያየው ሃያ ሰው ቢሆን ነው፤ የካርድ ቀን ግን ወላጁ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጎርፍበታል። ይህ የሠርግ ቀን ነው። የደመወዙን ፋይል ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ፣ ያውም በወር አንዴ ይከፍተዋል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ዕቃ ማስተናገድ አያስፈልግም። ይህችን ወረቀት ሳይሞሉ ሻጭ ማነጋገር እንግዳ ሳይቆጥሩ ድንኳን መከራየት ነው።

ደረጃ 2፦ አራቱን በር እወቁ

የመጀመሪያው የአከራዩ በር ነው፤ ፐብሊክ ክላውድ ይሉታል። ዛሬ እናንተ ግቢ የተዘረጋው ወንበር ትናንት ሌላ ሰፈር ለቅሶ ላይ ነበር፤ ነገ ደግሞ ምርቃት ላይ ይውላል። መግዛት የለም፣ ማከማቸት የለም፣ መቶ ጨምሩልኝ ስትሉ በደቂቃ ይጨመራል። አማዞን ማከማቻና ሰርቨር በዚህ መልክ ማከራየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉት። ሦስቱም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዳታ ሴንተር አላቸው፤ አማዞን ኬፕታውን፣ ሁለቱ ጆሃንስበርግ። «ፐብሊክ» የሚለው ስም ሰነዳችን ለሕዝብ ይታያል ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ሕዝብ የሚጋራው መደብሩን ነው፤ የእናንተ ድግስ ላይ የተቀመጠው የእናንተ እንግዳ ብቻ ነው። ሰነድ ሾልኮ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በሩን ክፍት የተወው ተከራዩ ራሱ ነው።

እዚህ በር ላይ እኛን የሚያዳልጠን ሌላ ነገር ነው፤ ሒሳቡ በዶላር ነው። የምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በወር 40 ዶላር የሚከፈልበት አነስተኛ ሰርቨር በ57 ሲመታ 2,280 ብር ነው፤ በ120 ሲመታ 4,800። ሰርቨሩ ያው፣ ሥራው ያው፣ የወጪ መዝገቡ ግን ከእጥፍ በላይ። ስለዚህ የውጭ አከራይ ስታስቡ በጀቱን በዛሬው ምንዛሪ ብቻ አትሥሩት። ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎችንም ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ሁለተኛው በር የራስ ዕቃ ቤት፣ ፕራይቬት ክላውድ ነው። ድስቱ ላይ ስማችሁ በቀለም ተጽፎበታል፤ ከእናንተ ሌላ ማንም አይቀቅልበትም። ብዙዎች የሚሳሳቱት «የግል» ሲባል ግቢያችን ውስጥ ማለት ነው ብለው ነው። ስማችሁ የተጻፈበት ድስት አከራዩ መጋዘን ውስጥ ሊቀመጥላችሁ ይችላል፤ ለእናንተ ብቻ እስከሆነ ድረስ የግል ነው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ዳታ ሴንተሮች ቦታ፣ መብራትና ጥበቃ አቅርበው የናንተን ሰርቨር ያሳድራሉ። በተቃራኒው ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ የሚንጫጫው ሰርቨር የግል ነው እንጂ ክላውድ አይደለም። ክላውድ ለመባል አንዱ ክፍል ሲፈልግ ቴክኒሻን ሳይለምን ከጋራው አቅም ቆርሶ የሚወስድበት፣ ሲጨርስ የሚመልስበት ሥርዓት ሊዘረጋለት ይገባል። ናሳና ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመሩት ኦፕንስታክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ የተሠራ ነው። ማስጠንቀቂያም አለው፦ የራስ ዕቃ ሲሰበር የሚጠግነው ባለቤቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ናፍጣ የሚገዛ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌላችሁ ይህን በር እለፉት።

ሦስተኛውን በር ማስረዳት እንደ እኛ አገር የሚቀልበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። እድር ነው፤ ኮሚዩኒቲ ክላውድ። አባል ያዋጣል፣ ድንኳኑና ድስቱ ይገዛል፣ ቁልፉ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ይሆናል፣ ደንቡ በመዝገብ ይሰፍራል። ዕቃ ሲመለስ ሳህኑ ይቆጠራል፤ የጎደለውን ያጎደለው ይተካል። ኮሚዩኒቲ ክላውድም ተመሳሳይ ሥራና ተመሳሳይ ሕግ ያላቸው ድርጅቶች ለራሳቸው ብቻ የሚያቆሙት ነው። በኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ በኩል ዩኒቨርሲቲዎች አንድ መሠረተ ልማት እንዲጋሩ የታሰበው በዚሁ መንገድ ነው። ድክመቱም የእድር ድክመት ነው፦ ሁለት አባላት በአንድ ቀን ለቅሶ ሲደርስባቸው ድንኳኑ አንድ ነው። አሥር ትምህርት ቤቶች ተባብረው ሰርቨር ቢገዙ የሁሉም የካርድ ቀን አንድ ሳምንት ላይ ይውላል። ስለዚህ ደንቡ ሲረቀቅ የመጀመሪያው አንቀጽ መዋጮ ሳይሆን ወረፋ መሆን አለበት። እንደኔ እንደኔ ይህ በር እኛ ዘንድ ከሁሉ በላይ የተዘነጋ ነው፤ በእድር የተካነ ሕዝብ ሰርቨር ላይ ሲደርስ ለየብቻው ይገዛል።

አራተኛው ሃይብሪድ ነው፤ ቅይጥ። ወጡ ቤት ይሠራል፣ እንግዳው ሜዳ ላይ በተከራዩት ድንኳን ይቀመጣል። ልብ በሉ፤ ቤትም ድንኳንም ስላለ ብቻ ቅይጥ አይሆንም። በመሀል ትሪ ይዞ የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል። መረጃውና ፕሮግራሙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መስመር ከሌለ ያላችሁ ሁለት የተለያየ ድግስ ነው። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የሚቆመውም ይኸው ትሪ ተሸካሚ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ያለው እንግዳ ባዶ ሳህን ይዞ ይቀራል። (ከሁለት አከራይ መውሰድ ደግሞ መልቲክላውድ ይባላል፤ ለጀማሪ አይመከርም።)

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ከበሩ ጋር አጋጥሙ

ለትምህርት ቤታችን እንሞክረው። ድረ ገጹና ቪዲዮው ማንም ቢያያቸው አይጎዳም፣ ጭነታቸውም ይዋዥቃል፤ ወደ አከራዩ ይሂዱ። ደመወዝና የተማሪ ዝርዝር መረጃ በግል ይቀመጡ። እዚህ ላይ ሕግም አለ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች አስቀምጧል፤ የሕፃናትን መረጃ ይዞ ኬፕታውን ከመሄድ በፊት አዋጁን ማንበብ ነው። በካርድ ቀን ውጤቱ ብቻ ከቤት ወጥቶ ድረ ገጹ ላይ ይታያል፤ ማታ ይሰበሰባል። ቅይጥ ማለት ይህ ነው።

ምርጫው የዕድሜ ልክ ውል አይደለም። ድሮፕቦክስ የደንበኞቹን ፋይል ለዓመታት አማዞን ላይ ሲያስቀምጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ራሱ ማሽኖች ማዛወሩን አስታውቋል። ድግሱ በየቀኑ ሲሆንበት ወንበር ገዛ።

ደረጃ 4፦ በትንሹ ጀምሩ፣ መልሶ ማውጣቱን ሞክሩ

መጀመሪያ ድረ ገጹን ብቻ አዛውሩ። በዚያው ቀን የወጪ ጣሪያ ማስጠንቀቂያ አብሩ፤ ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ ሰርቨር እንዳልተመለሰ ድንኳን ነው፣ በቀን ይቆጥራል። ከዚያ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር ሕንፃ በእሳት ወደመ። ሰው አልሞተም፤ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ግን ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። ስለዚህ ቅጂው ሌላ ከተማ ይሁን።

ባክአፕ አለን ማለት ብቻውን አይበቃም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ተማሪ ካርድ የሙከራ ቅጂ አዘጋጁ፣ ባክአፕ አድርጉት፣ ሰርዙት፣ ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ መልሱት። 20 ደቂቃ ከፈጀ ደግ ነው። ማንም ፓስዎርዱን ካላወቀ፣ ያ ፓስዎርድ ያለው ሰው ሥራ ከለቀቀ፣ ዛሬ በማወቃችሁ ተመስገን በሉ።

በመጨረሻ ውሉን አንብቡ። ሁለት ነገር ፈልጉበት፦ መረጃው የሚቀመጥበትን ከተማ ስም፣ እና ውሉ ሲቋረጥ መረጃችሁን ይዛችሁ ለመውጣት የሚሰጣችሁን የቀን ብዛትና ክፍያ። ሁለቱ በጽሑፍ ካልሰፈሩ አትፈርሙ።