ተረትና ሥዕል፦ ልጆቻችን ራሳቸውን የሚያውቁበት መንገድ



እዚህ ገዳሪፍ ከተወለዱት ልጆቻችን ብዙዎቹ፣ አያታቸው «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለው መመለስ አይችሉም። በአማርኛ ሲጠየቁ በዐረብኛ ይመልሳሉ። ዐረብኛ ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል፤ የአያታቸውን ቋንቋ ማጣታቸው ግን ጉዳት ነው።

ይህን ለማቃናት የሥዕል ትምህርት ስንጀምር ተሳስተን ነበር። የፋሲል ግንብን ፎቶግራፍ ሰቅለን «ይህን ሣሉ» አልን። ሁሉም አንድ ዓይነት ግንብ አመጡ። ስለ ግንቡ ስንጠይቃቸው ግን የሚናገሩት አልነበራቸውም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናንሣ። በካናዳ የክሪ ሕዝብ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ይከለከሉ ነበር። ከዚያው ሕዝብ የወጣው ሠዓሊ አለን ሳፕ (1928–2015 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይሥል የነበረው ገዢ ይወደዋል ብሎ ያሰበውን ነበር። በኋላ አንድ ሐኪም የሚያውቀውን ሕይወት እንዲሥል አበረታታው። እሱም ያሳደጉትን አያቱን፣ የመንደሩን ቤትና ፈረስ እየሣለ ታወቀ።

በአገራችንም ሠዓሊዎች ታሪክን በሥዕል ይተርካሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ትንንሽ ሥዕሎች፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ ከፍለው ያሳያሉ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደግሞ ደጉ በሙሉ ፊቱ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ታሪኩን ይከተላል።

ከዚህ ተምረን ትምህርቱን በሦስት ደረጃ ከፈልነው፦

1. ተማሪው ከቤት ወይም ከጎረቤት አንድ ተረት ይሰማል።
2. ተረቱን በ4 ሥዕሎች ይከፍላል፤ ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ይሥላል።
3. ሥዕሉን እየጠቆመ ለክፍሉ በአማርኛ ይተርካል።

አንዲት ተማሪያችን የጅብና የአህያ ተረት ሣለች። ጅቡን ያቆመችው በሰሊጥ እርሻ መካከል ነው፤ የምታውቀው እሱን ነዋ! አያቷ ሥዕሉን አይተው ሳቁ፤ «በእኛ አገርስ ጅቡ የሚመጣው ከገደሉ ሥር ነበር» አሉ። ከዚያም ስለ ገደሉ፣ ስለ ወንዙ፣ ጥለውት ስለመጡት ቤት መናገር ጀመሩ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ በማግሥቱ አምስተኛ ሥዕል ጨምራ መጣች።

ወላጆች ሆይ፣ እኛ ወረቀትና ቀለም እንሰጣለን፤ ተረቱ ያለው ግን እናንተ ዘንድ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ንገሯቸው።